ማንኪያው እስኪደርቅ

«እስቲ ቁጭ በል።»

ይህን ያለችው የሟች ሚስት ታላቅ እህት ናት። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ስትመራ ስለኖረች ዘመድ ሁሉ «ዳይሬክተሯ» ነው የሚላት፤ እሷም ስሙን ጠልታው አታውቅም። የለቅሶውን ቤት ጠቅልላ የያዘችው እሷ ናት። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ሻይ መቼ እንደሚቀዳ፣ ልቅሶው ሲበረታ ማን ማንን ደግፎ ወደ ጓዳ እንደሚገባ የምትወስነው እሷ ናት።

«ማጠፊያው ላልቷል» አለ ቀለሜ፣ የሳሎኑ በር ሥር እንደተንበረከከ። በገበታ ቢላ ጫፍ ብሎኑን ያጠብቃል። «ሰው በገባ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። አይሰማችሁም እንዴ?»

«ወንድምህን ቀብረህ መጥተህ በር ትጠግናለህ?»

ቀለሜ ብሎኑን አጥብቆ ሲጨርስ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ሲጢጥታው ጠፍቷል። አሁን ደግሞ ምን ይሥራ? ዓይኑ ሳሎኑን ዞረ። ከትናንት ወዲህ የማድቤቱን ቧንቧ አጥብቋል፣ የኮሪደሩን አምፖል ቀይሯል፣ ከጎረቤት የተዋሷቸውን ወንበሮች አራት ፎቅ ተሸክሞ አውጥቷል። ከዚያ በዝተዋል ብሎ ስምንቱን መልሶ አወረደ፤ ከሰዓት ሰው ሲበዛ እነዚያኑ ስምንቱን እንደገና አወጣ። መቀመጫው ግን ከሁሉም አንዱንም ወንበር አልነካም።

ቀለሜ የተባለው እንደ ሌሎቹ ቀለሜዎች ትምህርት ዘልቆት አይደለም። የደብተሩ ቀለም አልዘልቅ ሲለው የመኪናው ቀለም ዘለቀው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነው። ስሙን ያወጣለት ታላቅ ወንድሙ ነበር። ያ ታላቅ ወንድም ከተቀበረ ዛሬ ማግስቱ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ደግሞ ከ«ደህና ዋልክ» በቀር ቃል ሳይለዋወጡ አራት ዓመት ኖረዋል።

ይህን እዚህ ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም። ቀለሜ ሳሎን ብቅ ባለ ቁጥር ሹክሹክታው ለአፍታ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው።

ሟቹ ጥርስ ሠሪ ነበር። ሐኪሞቹ የነቀሉትን የሚተካው እሱ ነበር፤ ከክሊኒኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በወረንጦና በጥቃቅን ሞረዶች የሰው ጥርስ ሲሠራ ሠላሳ አምስት ዓመት ኖረ። ከለቀስተኛው ግማሹ አፉ ውስጥ ያለው የእሱ ሥራ ነው። ጠዋት አንዲት ትልቅ ሴት «ያበላኝ፣ ያሳቀኝ» እያሉ እያለቀሱ ሲገቡ፣ ሰው ሁሉ ስለ ደግነቱ መስሎት አብሮ አለቀሰ። ቀለሜ ግን ገባው፤ ሴትየዋ የሚያወሩት ስለ ታችኛው መንጋጋቸው ነው። ሊስቅ ሲል እንባው መጣና ወንበር ሊያስተካክል ሄደ።

ጥርሱ አልበቃ ብሎት ጥርስ ሠሪው ቤቱ ሲገባ ደግሞ መኪና ይሠራ ነበር። መኪና ሲባል በመዳፍ የምትያዝ። ተበታትነው በሣጥን የሚመጡ፣ ከእውነተኛዎቹ ሃያ አራት ጊዜ ያነሱ የፕላስቲክ ሞዴሎች። ጭነት መኪና አይወድም፣ ቅንጡም አይወድም። እሱ የሚወደው ቀለል ያሉትን፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙትን ትናንሽ የስፖርት መኪኖች ነው። «መኪና የሚያምርባት ሲጨምሩላት ሳይሆን ሲቀንሱላት ነው» ይል ነበር። ለሞዴሎቹም ይቀንስላቸዋል። የበሮቻቸውን ፕላስቲክ ከውስጥ ፍቆ ፍቆ ወረቀት ያስመስለዋል፣ በጥርስ መሰርሰሪያው ፔዳላቸውን ይበሳሳዋል፣ ከዚያ የወርቅ ጥርስ በሚመዝንባት ሚዛን ላይ አስቀምጦ ምን ያህል እንደቀለለች ያያል። ሳሎኑ ውስጥ ባለው ባለመስታወት ቁም ሣጥን ሠላሳ አንድ መኪኖች ተደርድረዋል። ለቀስተኛው ሻዩን ይዞ ያያቸዋል፤ ቀለሜ ግን ከመጣ ጀምሮ ወደዚያ አልዞረም።

ከሰዓት በኋላ ማንቆርቆሪያውን ሊሞላ ማድቤት ሲገባ ሁለት ጎረቤቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ብርጭቆ ያለቀልቃሉ። አላዩትም።

«እና ሳይታረቁ ሞተ?»

«ሳይታረቁ።»

«በርስት ነው?»

«የምን ርስት። በአሻንጉሊት መኪና ነው አሉ።»

«ወይ ጉድ። ሁለት ሽበታም ሰው?»

ቀለሜ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና የቆሻሻ ባልዲውን አንስቶ ወጣ። ባልዲው ግማሽም አልሞላም። አራቱን ፎቅ ወርዶ ደፍቶት ሲመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው መታጠፊያ፣ እግሩ ቆመ።

«አሻንጉሊት» የሚለውን ቃል የተናገረው እሱ ራሱ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሱ ወለምታ እንዳበጠ አራት ዓመት ኖረ። እነሆ አሁን ቁጭ የማያስብለው ሐዘኑ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ማወቅ ይፈልጋል፤ ወንድሜ የሞተው ቂሙን እንደያዘብኝ ነው ወይስ ትቶልኝ ነበር? ሟች አይጠየቅ። ሚስቱ ትጠየቃለች፤ ግን መልሷ «እንደያዘብህ ነው» ቢሆንስ? እንዲህ ያለ መልስ ተሸክሞ ቀሪ ዕድሜውን ምን ሊያደርግ ነው? ስለዚህ በር ይጠግናል።

ይባስ ብሎ ደግሞ ስልኩ አለ። ያለፈው ሳምንት ሳይሆን የዚያ በፊቱ ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስልኩ ላይ «ጋሼ» የሚል የወንድሙ ስም በርቶ ነበር። ቀለሜ ጭንብሉን አጥልቆ፣ መርጫውን ይዞ፣ ከአንድ ሚኒባስ በር ፊት ቆሟል። ስሙን አየ። አላነሳውም። እጄ ቀለም ነው፣ በኋላ እደውላለሁ አለ። በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልጀምር አለ። ነገ አለ። ነገ ነገ ሲል ዘጠኝ ቀን ሄደና ሰኞ ዕለት የክሊኒኩ ጥበቃ ደወለ። ጥርስ ሠሪው በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ ያልተጠናቀቀ ጥርስ በወረንጦው እንደያዘ ልቡ ቀጥ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ቀለሜ ስልኩን በአንደኛው ጥሪ አነሳው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

የነገሩ ሁሉ ሥር አባታቸው ናቸው ቢባል ሐሰት የለውም። ልጆቹ ትንንሾች ሳሉ አባትየው ሦስተኛ እጅ የሆነች፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ትንሽ የስፖርት መኪና ገዝተው መጡ። ሚስትና ሁለት ልጅ ያለው ሰው ሁለት ወንበር ያላት መኪና ምን ልታደርግለት እንደገዛ እናትየው እስኪሞቱ አልገባቸውም። ቀላል ከመሆኗ የተነሳ ጭቃ ሲይዛት አባትየውና አንድ ጎረቤት ከኋላ ብድግ ያደርጓት ነበር። ታላቁ ልጅ ከአባቱ ጎን ወንበሩን ይይዛል፤ ታናሹ መሐል ላይ፣ የእጅ ፍሬኑን ዘንግ አንፈራጦ ይቀመጥበታል።

አንድ ሰሞን ቀለሟ ተላላጠ። አባትየው ከቤቱ በር የተረፈ ሰማያዊና ከአጥሩ የተረፈ አረንጓዴ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጡ። ያማሰለው የስድስት ዓመቱ ቀለሜ ነው። «ሰማያዊ ጨምር፣ አይ በቃ፣ አሁን አረንጓዴ» እያለ ያዝዛል፣ አባትየው እየሳቁ ይታዘዛሉ። የወጣው ቀለም ስም የለውም፤ ሰማያዊ ነው ሲሉት አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ነው ሲሉት ሰማያዊ ይሆናል። በብሩሽ ቀቧት። ከዚያ መከራው መጣ፤ እስኪደርቅ መጠበቅ። ልጁ እጁ አላርፍ አለ። ደርቋል አልደረቀም እያለ ኮፈኑን ሊነካ ሦስቴ ተያዘ። በመጨረሻ አባትየው ደረጃው ላይ አስቀመጡትና «እጅህ ላይ ተቀመጥ» አሉት። ሁለት መዳፎቹን ጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠ። ታላቁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ወንድሙን እንዲያ ሆኖ አገኘው። ምነው ብሎ እንኳ አልጠየቀም፤ ደብተሩን አስቀምጦ፣ ከጎኑ ሆኖ፣ እሱም እጁ ላይ ተቀመጠ። መኪናዋ እስክትደርቅ ሁለቱም ከዚያ አልተነሱም።

«ባዶ ባልዲ ይዘህ ይሄን ሁሉ ሰዓት የት ነበርክ?» አለች ዳይሬክተሯ፣ ቀለሜ ሲመለስ።

«ደረጃው ላይ አንዱ ብረት ይወዛወዛል።»

«እሱንም ጠገንከው?»

«አይ፣ መፍቻ ይፈልጋል» አለ፣ መፍቻ ፍለጋም ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰዓት ሠሪው መጣ። ከሟቹ ጋር ሃያ ዓመት ሞዴል የሠራ ጓደኛው ነው፤ አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሲያጣብቅ ስለሚውል የቀኝ ዓይኑ ዙሪያ ክብ ምልክት አለበት። ሣጥኖቹን ከባሕር ማዶ የሚያስመጣው እሱ ነበር። እትዬን፣ የሟቹን ሚስት ማለት ነው፣ አቅፎ ብዙ አለቀሰ። ከዚያ ቁም ሣጥኑ ፊት ቆሞ መኪኖቹን አንድ በአንድ አያቸውና ወደ ቀለሜ ዞረ። ቀለሜ ባትሪ ያለቀባትን የግድግዳ ሰዓት አውርዶ ሊከፍት እየታገለ ነው።

«እሱን እንኳ ለእኔ ተወው» አለና ወሰደበት። «ያቺን መኪና ቀባሃት?»

«የቷን?»

«የአባታችሁን ነዋ።»

ቀለሜ ፊቱ ጠቆረ። «እሷማ ድሮ ተጣለች።»

«ማን ነው የጣላት?»

«እሱ። እኔ ካበላሸኋት በኋላ ምን ያደርጋታል?»

ሰዓት ሠሪው ሰዓቷን አስቀመጠ። ነገሩን ከሟቹ ሰምቶታል፤ ግን ከአንድ ወገን ብቻ ነው።

ያቺ የአባታቸው መኪና ሞዴሏ ድሮ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። ጥርስ ሠሪው ስድስት ዓመት ካፈላለገ በኋላ አንዲት ያልተከፈተች ሣጥን ተገኘችለት። ውስጧ ያለችው ግን የውድድሯ ዓይነት ነበረች። ስለዚህ የአባቱን አደረጋት። የውድድሩን የብረት ቅስት ቆርጦ ጣለ። ጥርስ በሚያስርበት ሽቦ ባምፐሯን ሠራ፣ ከእትዬ አሮጌ ጓንት ቆዳ ወስዶ ወንበሮቿን አለበሰ፣ መሐል ላይ ያለችውን የእጅ ፍሬን ዘንግ ሳይቀር፣ አንድ ልጅ እየተቀመጠባት የጎበጠች ያህል፣ በጥቂቱ አጎበጣት። ስምንት ወር ፈጀ። አባታቸው ካረፉ ሃያኛው ዓመት ሲቃረብ የቀራት ቀለም ብቻ ነበር።

«ይሄ ያንተ ሥራ ነው» ብሎ ለቀለሜ ሰጠው። «በጋራዡ ቀለም ግን እንዳትነካት፣ ፕላስቲክ ናት። መጀመሪያ ማንኪያ ላይ ሞክረው። የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ። ማንኪያውን ካልበላው ያኔ ትቀባታለህ።»

ሞዴል ሠሪዎች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። አዲስ ቀለም መጀመሪያ የሚቀመሰው በማንኪያ ነው፤ ማንኪያ እንደ መኪና አካል ጎበጥ ያለ ነው፣ ቢበላሽም አያሳዝንም።

ቀለሜ ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔ አውቶቡስ የቀባሁ ሰው ነኝ። በሃያ ሁለተኛ ዓመቴ ማንኪያ ላይ ልፈተን?»

አልሞከረም። ጋራዥ ወስዶ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን በዓይኑ ለካ፣ ቀላቀለ፣ በቲነር አቀጠነ፣ ረጫት። ቀለሙ ልክ ነበር። ያ ስም የሌለው ቀለም ራሱ ነበር፤ ቀለሜ እንባው መጣ። ወዲያው ግን ኮፈኗ ላይ አንድ ነገር እንደ ወተት ስልባቦት ተኮማተረ። ቲነሩ ፕላስቲኩን ይበላዋል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ በሮቿ ተጣመሙ፣ ቆዳዋ ተሰነጣጠቀ።

ይቅርታ ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ያፈረ ሰው ይጮኻል። ሣጥኑን የወንድሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ ያጭበረበሩህ ይመስለኛል አለ። ወንድምየው መኪናዋን አገላብጦ አያት። «ማንኪያ ነበር ያልኩህ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ያ ቀስ ማለቱ ነው ቀለሜን ያናደደው።

«ለአንድ አሻንጉሊት ይሄን ያህል? ትልቅ ሰው አይደለህም እንዴ?»

«ውጣ» አለው ወንድሙ። «ከእንግዲህ እጅህ ሥራዬን እንዳይነካ።»

እሱም ወጣ። ይኸው ነው።

«አንተ ልጅ» አለ ሰዓት ሠሪው አሁን፤ የሃምሳ ዓመቱን ቀለሜ ማለቱ ነው። «በር ከምትጠግን የወንድምህን ክፍል ገብተህ ብታይ ይሻልሃል።»

ቀለሜ ሰበብ ሊፈልግ አፉን ሲከፍት ዳይሬክተሯ ቀደመችው። ነገ ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶች አሉ፣ ማደሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ የሥራ ክፍሉ ዛሬውኑ ተለቅቆ ሣጥኖቹ ምድር ቤት ዕቃ ማስቀመጫው ይገባሉ። «መቼም መሸከም አይሰለችህ» አለችው፣ «ይኸውልህ።»

በሦስት ቀን ውስጥ ቀለሜ ያልገባበት ክፍል ያ ብቻ ነበር። ገባ። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ። መሰርሰሪያው፣ ወረንጦዎቹ፣ ሰሙ፣ ትንሿ የቀለም መርጫ ሁሉም በመልክ በመልካቸው ተደርድረዋል። አንድ የሻይ ብርጭቆ ትራፊው ሥሩ ላይ ደርቆበት ቆሟል። ቀለሜ ግራ ቀኝ ሳያይ አራት ሣጥን አቀፈና ሮጦ ወረደ። ተመልሶ ሌላ አራት ይዞ ወረደ። ላቡ ወረደ፤ ላብ ደህና ነገር ነው፣ ሐሳብ አያስገባም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ መደርደሪያው ላይ ከቀሩት ውስጥ አንዷ ጠፍጣፋ ሣጥን ናት። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ወረቀት ተለጥፎባታል። ጥርስ ሠሪው በሥራው እንደለመደው ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ እያንዳንዱ ጥርስ የማን እንደሆነ፣ ቀለሙ የትኛው እንደሆነ፣ መቼ እንደሚደርስ ተጽፎበት ነው የሚቀመጠው። መኪኖቹንም በዚያው በክሊኒኩ ወረቀት ይመዘግባቸው ነበር። ቀለሜ ሣጥኗን ሊያቅፍ ሲል ዓይኑ ጽሕፈቱ ላይ ወደቀ።

ባለቤት፦ አባባ።

ቀለም፦ ታናሼ ያውቀዋል።

የሚደርስበት ቀን በሚለው መስመር ላይ አምስት ቀኖች ነበሩ። ቀኑና ወሩ አንድ ነው፣ አባታቸው ያረፉበት ነው፤ የሚለያየው ዓመቱ ብቻ ነው። አራቱ በማስመሪያ ተሠርዘዋል። አምስተኛው አልተሠረዘም። የፊታችን ቅዳሜ ነው።

ቀለሜ ሣጥኗን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ክዳኗን አነሳ። ሞተሯ፣ ወንበሮቿ፣ ጎማዎቿ፣ ያቺ የጎበጠች ዘንግ፣ ሁሉም በየክፍላቸው በጥጥ ተቀምጠዋል። መሐል ላይ አካሏ አለች። ግራጫ መነሻ ቀለም ተቀብታለች። በጣቱ ኮፈኗን ዳሰሰ። ሃያ ስድስት ዓመት ብረት ዳስሷል፣ የተጠገነ ቦታ ከጣቱ አያመልጥም። ይህ አመለጠው።

«ሦስት ዓመት ነው የፈጀበት» አለ ሰዓት ሠሪው ከበሩ። ለካ ተከትሎት ቆሟል። «ስንጥቁን ሁሉ በጥርስ መሙያ ሞላው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በቀጭኑ፣ ከዚያ ከቀጭኑ በቀጠነው። አንዱን በር አሥራ አንድ ጊዜ ነው አፍርሶ የሠራው። እኔ ልቀባልህ ስለው ምን አለኝ መሰለህ? "ቀለሟ የእኔ አይደለም።"»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ይሄን እኔን አትጠይቀኝ።»

እትዬ ግድግዳ እየተደገፈች መጣች። ነጠላ ጫማዋ ወለሉን ይጎትታል፣ ዓይኗ አብጧል። ሣጥኗን አየች፣ ቀለሜን አየች። ሰዓት ሠሪው ገለል አለላት።

«ደውሎልህ ነበር» አለችው።

«አይቼዋለሁ፣ እትዬ።»

«አይተኸው ነው ያላነሳኸው?»

«አይቼው ነው።» ውሸት ቢፈልግ አላጣም ነበር፤ አልፈለገም። «ፈራሁ። ምን እንደምለው አጣሁ።»

 ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከቀለሜ አፍ ሳይሆን ከሆዱ የወጣ ይመስል ነበር።

«ቂም እንደያዘብኝ ነው የሞተው?»

«ተቀይሞህ ነበር» አለች። «ልዋሽህ አልችልም። አንድ ዓመት ሙሉ ስምህ ሲነሳ ከገበታ ይነሳ ነበር። አሻንጉሊት ያልከው አንጀቱን በልቶታል። ከዚያ ቂሙ አለቀበት። ኩራቱ ግን አላለቀም። እሱ መጥቶ ይጠይቀኝ ይላል፣ አንተ እሱ ይጥራኝ ትላለህ፤ እኔ መሐል ቤት ሁለት ሕፃን አሳድጋለሁ። ያን ቅዳሜ ግን ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ። ሳታነሳ ስትቀር "እጁ ቀለም ይሆናል" ብሎ ሳቀ።»

ቀለሜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ሳሎን ያለው ሹክሹክታ ቀጥ አለ፤ ይሰማ፣ ግድ አልሰጠውም።

ሲበቃው ፊቱን በክንዱ ጠረገና ቀጥ ብሎ ወደ ማድቤት ሄደ። ለቀስተኛው እየተንጠራራ አየው። ዳይሬክተሯ ለስኳር ማማሰያ ብላ የገዛችው የፕላስቲክ ማንኪያ በጥቅል ተቀምጧል። ከዚያ አንድ ነጭ ማንኪያ መዘዘ። አጠበ፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቀ፣ ብርሃን ላይ ይዞ አየው።

«ሻይ ልቅዳልህ?» አለች ብርጭቆ የምታለቀልቀው ጎረቤት።

«አይ። ማንኪያው ነው የፈለግኩት።»

ጠረጴዛው ላይ የወንድሙ ቀለሞች በትንንሽ ጠርሙስ ተደርድረዋል። ሰማያዊውና አረንጓዴው ብቻ አልተከፈቱም፤ አዲስ ናቸው። ቀለሜ በጠርሙስ ክዳን ላይ ሰማያዊ ጠብ አደረገ። አረንጓዴ ጨመረ። በጥርስ ሠሪው ቀጭን ዘንግ አማሰለ።

«ቲነር እንዳትነካ» አለ ሰዓት ሠሪው። «ይሄ በውሃ ነው የሚቀጥነው።»

«እሺ» አለ ቀለሜ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሃያ ስድስት ዓመቱን ይጠቅስ ነበር። «ስንት ጠብታ ልጨምር?»

«ሦስት።»

ሦስት ጨመረ። ትንሽ ሰማያዊ፣ አይ በቃ፣ አሁን አረንጓዴ። ክዳኑ ውስጥ ያ ስም የሌለው ቀለም ቀስ ብሎ መጣ። ትንሿን መርጫ ሞላ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ የማንኪያውን ሆድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ ረጨው። እጀታውን የጥርስ ሰም ውስጥ ተክሎ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ከዚያ እንደቆመ አፈጠጠበት። ስልባቦቱ የመጣው ያኔ በደቂቃ ውስጥ ነበር። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሰዓት ሠሪው የእጅ ሰዓቱን እያየ ነው።

«አምስት ደቂቃ» አለ በመጨረሻ። «አልበላውም።»

«ደርቋል?»

«ገና ነው። እስከ ማታ ተወው። ቅዳሜ እኮ ከነገ ወዲያ ነው፣ ይደርሳል።»

የቀለሜ እጅ ግን ወደ ማንኪያው ተዘረጋ፣ ደርቋል አልደረቀም ሊል። አየር ላይ ቆመ። መለሰው። ግራ ቀኙን አየ፤ የሚጠገን ነገር አልጠፋም፤ የመስኮቱ መቀርቀሪያ ላልቷል፣ የመብራቱ ገመድ ተንጠልጥሏል። ሁሉንም አያቸው፣ ተዋቸው። የወንድሙን በርጩማ በእግሩ ወደ ራሱ ሳበ፣ ተቀመጠበት፣ ሁለት መዳፎቹን ጭኑ ሥር ከተተ።

ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ብቅ አለች። ከመደርደሪያው ያልወረዱትን ሣጥኖች አየች፣ አፏን ከፈተች።

«ተይው» አለቻት እትዬ፣ ክንዷን ይዛ። «ተቀምጧል።»